አምስት የቆጠረው ሰው

የጉዞ ትዕዛዙ የደረሰን ጂንካ ላይ ሲያካፋ በዋለ ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዛዣችን መቶ አለቃ ከበደ ሻምበላችንን በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ አሰለፉ። ከጀርባችን ከብቶች ይግጡ ነበር። «ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆላ እንወርዳለን። ደረቅ ስንቅ የአምስት ቀን። ጥይት በነፍስ ወከፍ መቶ ሃያ። ጥያቄ?» አሉ። ሰልፉ ሲበተን ሰው ሁሉ ወደ ስንቅ ግምጃ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ወደ ጫማ ሰፊው ሮጥኩ።

ጫማ ሰፊው ዘንድ ምን እንደነበረኝ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆች ጦርነትን በትልቅ በትልቁ ነው የምትሰሙት፤ ታንኩን፣ አውሮፕላኑን፣ ጄኔራሉን። የእኔ ወሬ መዳፍ ስለምታክል አንዲት ሽጉጥ፣ ስለ ማኅደሯና ጥይት ስለምትጎርስበት መያዣ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ። ግንባራችን ከቱርሚ በታች ያለው ቆላ ነበር። ከድንበር ማዶ የሚሻገሩ የታጠቁ ዘራፊዎች ከብት ይነዳሉ፣ ሰው ይገድላሉ፣ የጦሩን የስንቅ መኪና ያቃጥላሉ። የሰሜኑን ጦር የሚያህል ነገር አልነበረም፤ ስሙም በሬዲዮ አልተጠራም። ሰው ግን ሞቶበታል።

እኔ ዘሪሁን እባላለሁ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቴ የአሪ ሴት ነች። የተወለድኩት ጂንካ ነው። ያኔ አስር አለቃና የጓድ መሪ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ሰው በሥሬ ነበረኝ። ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን እዚያው ሻምበል ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሽጉጧ የአባታችን ነበረች። አፈ ሙዟ አጭር፣ መዘውሯ አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ጨርሰው ቢጨብጧት ከጣት መሀል የማትታይ። አባታችን ሲሞት ለጥላሁን ደረሰችው። ጥላሁን ማኅደር አልነበረውም። ሽጉጧን በቀኝ ኪሱ፣ ጥይቱን በመሀረብ ጠቅልሎ በግራ ኪሱ ይይዛል። ብንነግረው ይስቅብናል፤ «ክላሽ የያዘ ሰው ለመጫወቻ ልብስ አይሰፋም» ይል ነበር።

ይህን ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው ደምሴ ነበር። ደምሴ ከጥላሁን ጋር ከአንድ ማሠልጠኛ የወጣ፣ ከአንድ ሳህን የበላ፣ ቤታችን መጥቶ እናቴ እግሩን ያጠበችው ሰው ነው። አንድ ቀን ከእነ ትጥቁ ጠፋ። ከወር በኋላ ከዘራፊዎቹ ጋር መሆኑ ተሰማ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ደምሴም እየሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር። የስንቅ መኪናችን በየትኛው ቀን እንደሚያልፍ፣ በየትኛው ዳገት እንደሚያዘግም ያውቃል።

ጥላሁን የሞተው ከዲመካ በታች፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መኪናው ሲመታ ክላሹ ጋቢናው ውስጥ ተቃጠለ። እሱ ከጎማው ሥር ገብቶ በዚያች ሽጉጥ ተታኮሰ። ሾፌሩ ንጉሤ ሠላሳ ርምጃ ርቆ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ሁሉንም ሰምቷል። እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው። ጥላሁን በተኮሰ ቁጥር ከድንጋይ ኋላ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። «ሦስት… አራት… አምስት! በቃ ጥላሁን፣ መሀረቡን ፍታ!» ብሎ እየሳቀ ተነሣ፤ ደምሴ ነበር አለኝ። ተራምዶ መጣ። ወንድሜን ስናነሣው ግራ እጁ ውስጥ ሦስት ጥይት፣ መሀረቡ ላይ አሸዋና ሁለት ጥይት ነበር። ሽጉጧን ደምሴ አልወሰዳትም። የወንድሜ ሆድ ላይ ጥሏት ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበላው ጥላቻ፣ የምጠጣው ጥላቻ ሆነ። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ሌላ ሰው ሲያዝን ያለቅሳል፤ እኔ ስለ ማኅደር አሰብኩ። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ ደምሴ አምስት መቁጠር ያውቃል። አምስት ሲሞላ ይነሣል። እኔ አምስቱን በዚያችው ሽጉጥ እተኩሳለሁ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ሌላ ጥይት አጎርሳለሁ፣ እሱ እየሳቀ ሲነሣ ስድስተኛውን ይቀምሳል። በክላሽ ብገድለው አይቆጥርልኝም። መቁጠር ነበረበት። ቆጥሮ መሳሳት ነበረበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከግምጃ ቤት የሚሰጠውን የመኮንን ሽጉጥ ማኅደር ነው። ሽጉጧ ውስጡ ገብታ ባቄላ በጆንያ ሆነች፤ በሮጥኩ ቁጥር ትንኳኳለች። ክዳኑ ደግሞ በቁልፍ ስለሚዘጋ እሱን እስክፈታ ሰው ጸሎቱን ይጨርሳል። ከዚያ ብብት ሥር የሚታሰረውን ሞከርኩ። ማንገቻው ከስንቅ ቦርሳው ማንገቻ ጋር ተጣላ፤ ላቡም ብረቷን በሁለት ቀን አዛጋት። አንዱ ጓዴ ቁርጭምጭሚት ላይ እሰራት አለኝ። ቆላ ወርዶ በእሾህ መሀል ያልተሳበ ሰው ነው እንዲህ የሚመክረው። ቀኝ ዳሌ ላይ ጥሩ ትመስላለች፤ ግን በቀኝ ጎንህ ስትተኛ እጅህ አይደርስም። እኔ ደግሞ ተኝቼ እንደምተኩስ አውቄ ነበር። በመጨረሻ ከሆዴ በስተግራ፣ እጀታዋ ወደ ቀኝ ዞሮ እንዲሆን ወሰንኩ። በደረቴም ብተኛ፣ በጀርባዬም ብወድቅ ቀኝ እጄ ያገኛታል። ምላጯ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፈን አዘዝኩ፤ ምላጭ በማይሸፍን ማኅደር የገዛ ጭኑን የመታ ሰው አይቻለሁ።

የጥይቱ ነገር ከማኅደሩ ይበልጥ አስጨነቀኝ። ኪስ አይሆንም፤ የጥላሁን ኪስ አስተምሮኛል። አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ችግሩን ስነግረው ከአሮጌ ካላማደሪያ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቀደደ፣ አምስት ቀዳዳ በሳ፣ ጥይቶቹን በቂጣቸው በኩል አስገባቸው። ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ መዘውሩ ማስገባትና ላስቲኩን መሸልቀቅ ነው። ያለ ውሸት ጥሩ ሥራ ነበር። እኔ ግን «ቆላ ሲወርድ ይቀልጣል» ብዬ ናቅኩት። እውነቱ ሌላ ነው። የወንድሜን በቀል በጎማ ቁራጭ ማንጠልጠል አሳፈረኝ። ቆዳ ፈለግኩ፤ የሚያምር ነገር ፈለግኩ።

ጫማ ሰፊው ጋሽ ማርቆስ ይባላሉ። አሪ ናቸው፣ የወንጌል አማኝ፣ እጃቸው የተባረከ። የበሬ ቆዳ አሳዩኝ። ከማኅደሩ ጎን አምስት ጠባብ የጥይት ቤቶች እንዲሰፉልኝ ነገርኳቸው፤ ጥይቱ ቢገለበጥም እንዳይወድቅ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለወንድሜ።»

«ወንድምህን ቀብረነዋል፣ ዘሪሁን። በቀል የእኔ ነው ይላል ጌታ።»

«ጋሼ፣ ጌታ ሥራ በዝቶበታል» አልኳቸው። አቀርቅረው ቆዳውን ለኩ።

የማኅደሩን ውስጥ በአሮጌ ካፖርት ጨርቅ ለበጡት። የጥይት ቤቶቹን ግን ቆዳውን አርጥበው፣ ጥይቶቹን እንደያዘ ሰፉት፤ ቅርጻቸውን እንዲይዝ ብለው ነው። «ሁለት ሳምንት ከምድጃ ራቅ ብሎ ይድረቅ፤ እየደጋገምኩ እየፈተሽኩ አስተካክለዋለሁ» አሉኝ። ትዕዛዙ የደረሰን በስድስተኛው ቀን ነው። ለዚህ ነው ከሰልፉ ሮጬ የሄድኩት። ቆዳው ሲነኩት ገና ይቀዘቅዛል።

«አልደረሰም» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

«እኔ ደርሻለሁ፤ ስጡኝ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ መስማት ብቻ።

እስኪመሽ ባለው ጊዜ በዚያ ካፊያ ውስጥ፣ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ ተለማመድኩ። መዘውሩን መክፈት፣ ዘንጉን መጫን፣ ባዶ ቀለሃዎቹ ይወድቃሉ፣ ቀኝ እጅ ወደ ጥይት ቤቱ። እርጥቡ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ጥይቱ በሁለት ጣት ይመጣል። አንድ ጥይት ብቻ አጉርሼ መዝጋት ይበቃኛል። እስከ ሦስት ሳልቆጥር ጨረስኩ። ደስታ ተሰማኝ። ጥላሁን ከሞተ የመጀመሪያው ደስታዬ ነበር።

በነጋታው በመኪና ወረድን። አልዱባን በረፋድ አለፍን፤ የገበያ ቀን ስለነበር ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አየን። ዲመካ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እዚያ መንገድ መሪዎቻችን ተቀላቀሉን። የኔን ጓድ የሚመራው ኦይታ ነበር።

ኦይታ ሐመር ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ከእኔ በሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጥ። ከእኔ ጋር ቤል ነን። ቤል በሐመር ወግ የውል ወዳጅ ማለት ነው፤ ፍየል ታርዶ፣ አብሮ ተበልቶ የሚታሰር ወዳጅነት። የቤልህ ቤት ቤትህ ነው፣ ደሙም ደምህ ነው። ጥላሁን ሲሞት ጂንካ ድረስ በእግሩ መጥቶ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተኝቷል። አማርኛው አጭር ነበር፤ ትርፍ ቃል የለውም።

ማኅደሬን አይቶ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። አልሣቀም።

«ቆዳው እርጥብ ነው። ቆላ ይደርቃል፣ ጥይት ይጨብጣል» አለ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ሄዶ በቅል ቅቤ ይዞ መጣ። «ቅባ። ዛሬ ቅባ፣ ነገ ቅባ። ጥይት አውጣ፣ አስገባ፣ አውጣ።»

እዚያ አገር ቆዳ ያለ ቅቤ አይኖርም። የሴቱ ቀሚስ፣ መኝታው፣ የጠመንጃ ማንገቻው ሁሉ ይቀባል። እኔም አውቃለሁ። ግን ቅቤ አሸዋ ይይዛል፣ ባሩድ ያበላሻል ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም ትዕቢት ነበረብኝ።

«ጥይት እንጂ ጠጉር አይደለም፣ ቅቤ አይቀባም» ብዬ ቀለድኩ። ወታደሮቹ ሣቁ።

«ዘሪሁን፣ አንተ ቆዳ አታውቅም» አለ ኦይታ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ይባስ ብዬ ያን ቀን አንድ ሞኝነት ጨመርኩ። የጥይት ቤቶቹን በጠፍር ከላይ አሰርኩና «የደምሴን ፊት ሳላይ እነዚህ ጥይቶች አይወጡም» ብዬ በጥላሁን ስም ማልኩ። በመሐላዬ የተነሣ ለሦስት ቀን አልነካኋቸውም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ከዲመካ በእግር ነበር የሄድነው። የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ። ሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሳይጠበቅ የሞላ ወንዝ አገኘን፤ ደጋ ላይ ዘንቦ ኖሯል። ክላሻችንን ከራሳችን በላይ ይዘን እስከ ደረታችን ገብተን ተሻገርን። ማኅደሬ ውሃ ጠጣ። ከወንዙ በኋላ እስከ ምሽት ጥላ የሌለው ሜዳ ነበር። ሸሚዛችን በሩብ ሰዓት ደረቀ። ቆዳውም ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ሲነካ እንጨት ሆኖ ነበር። ጠነከረልኝ ብዬ ወደድኩት።

ዘራፊዎቹ ያሉበት ኮረብታ ሥር የደረስነው በአራተኛው ቀን ሳይነጋ ነው። ሁለት ጉብታ ያለው፣ ቀይ ድንጋይና ግራር የበዛበት ኮረብታ ነው። ዘራፊዎቹ የነዱትን ከብት ከጀርባው ቆላ ላይ አሳርፈው እነሱ ከላይ ነበሩ። ደምሴ አብሯቸው እንዳለ ኦይታ በዋዜማው በዱካ አረጋግጦልኝ ነበር። «ሁሉም ሰንደል። አንድ ሰው ቦት ጫማ ነው» አለ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። አንደኛዋ የመቶ ጦር ከግራ፣ እኛ ከቀኝ። መትረየሳችን ከታች ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት ከባድ ነበር። እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች። ሁለት ሰው ወዲያው ወደቀብን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የግራውን ጉብታ ያዝን። ሦስት ሰው ደግሞ ሞተብን። ውሃ አለቀ። መትረየሳችን ወደ ግራው ጉብታ ወጣ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቀኙ ጉብታ ብቻ ቀረ። አንድ ሰው ከኔ ጓድ እዚያ መውጫ ላይ ሞተ። ስድስተኛችን ነበር።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። ደምሴ ለጓዶቹ እየጮኸ ነበር። ከፊቴ ሃያ ርምጃ ላይ፣ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ። እኔም ድንጋይ ተከልያለሁ። ኦይታ በቀኜ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ በምንሽሩ ይተኩሳል። መቶ አለቃ ከበደ ከኋላ «ዘሪሁን፣ ያዘው! በተኩስ ያዘው፣ መትረየሱ ይዞርበታል!» አሉ። ትዕዛዙ ግልጽ ነው። ክላሼ ሠላሳ ጥይት ጎርሷል። ድንጋዩን በተኩስ ይዤ አንገቱን ማስደፋት፣ መትረየሱን መጠበቅ። ይኸው ነበር ሥራዬ።

ክላሹን በጀርባዬ አዘልኩት። ማንገቻውን በደረቴ ላይ አጠበቅኩ። ሽጉጧን መዘዝኩ። ማኅደሩ ውስጡ ጨርቅ ነበረውና ሽጉጧ ወጣች።

«ምን ታደርጋለህ?» አለ ኦይታ።

«ደምሴ!» ብዬ ጮኽኩ። «የጥላሁን ሽጉጥ ናት። ቁጠር!»

ከድንጋዩ ኋላ ተኩሱ ቆመ። ከዚያ ሣቀ። «ዘሪሁን ነህ? አንተም ማኅደር የለህም?» አለ።

ተኮስኩ። «አንድ» አለ። ተኮስኩ። «ሁለት።» ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ የድሮ ወዳጅ ያገኘ ይመስላል። ሦስት። አራት። እያንዳንዷ ድንጋዩን ነካች። የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። አምስተኛውን ተኮስኩ።

«አምስት!» አለ ደምሴ። ተነሣም።

መዘውሩን ከፈትኩ። ቀለሃዎቹ ወደቁ። የጥይት ቤቱን ጠፍር በጥሼ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ጥይቱ አልመጣም። ሁለተኛውን ያዝኩ። አልመጣም። ጥፍሬ ተሰበረ። ቆዳው ጥይቶቹን አጥንት ጅማትን እንደያዘ ይዟቸዋል። በዚያች ቅጽበት የማስታውሰው ጥላሁንን አይደለም። የማስታውሰው ላስቲኩን ነው።

ኦይታ አየኝ። ምንሽሩን ተኩሶ ቃታውን እየመለሰ ነበር፤ ጊዜ አልነበረውም። «ተኛ!» ብሎ ዘለለ። በትከሻው ገፍቶ ጣለኝና እሱ እኔ በነበርኩበት ቆመ። የደምሴ ጥይት ደረቱ ላይ አገኘው። ሦስት ወይም አራት። ላዬ ላይ ወደቀ።

ያንኑ ደቂቃ መትረየሱ ዞረ። ተኳሹ ከወላይታ የመጣ ለሻምበሉ አዲስ የሆነ ልጅ ነበር፤ ደምሴ የሚባል ሰው መኖሩንም አያውቅም። ቆሞ የሚታይ ሰው አየ፣ ተኮሰ። ደምሴ ወደቀ። በአራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮረብታው ተያዘ።

ኦይታ ወዲያው አልሞተም። አንድ ነገር ተናገረ፤ በሐመርኛ ስለነበር አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም። ልጠይቀው የምችለው ሰው አላገኘሁም፤ ድምፁን እንጂ ቃሉን አልያዝኩትምና።

ቀጥዬ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ኦይታን መሬት ላይ አሳረፍኩት። ሳንጃዬን አወጣሁና የጥይት ቤቶቹን አንድ በአንድ ቀደድኩ። አምስቱን ጥይት አጎረስኩ። ወደ ደምሴ ሬሳ ሄድኩ። ዓይኑ ክፍት ነበር። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ አምስቱን ተኮስኩበት። የጠበቅኩት ነገር አልመጣም። ምንም ነገር አልመጣም። ሬሳ አይቆጥርም።

መቶ አለቃ ከበደ ከጀርባዬ ቆመው ኖሯል።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሰውህን አንሣ።»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሙታንን ቆጠርን። ከነሱ አሥራ አንድ ኮረብታው ላይ ቀርተዋል። ከኛ ሰባት። ከብቱን መልሰን ለባለቤቶቹ አስረከብን። መቶ አለቃ ከበደ ስለ እኔ በሪፖርታቸው አንድ ቃል አልጻፉም። ያኔ ምሕረት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ያላቸውን ጓድ መሪ እንዳያጡ እንደነበር ገባኝ።

ከጂንካ በወጣን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዲመካ ገበያ ነበር። የኦይታ ታላቅ ወንድም ባልዳ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጦሩ ሰፈር ደጃፍ መጣ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ትንሿ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እኔን አስጠራኝ። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ገደለው?» አለኝ።

«ደምሴ የሚባል። የኛ ሰው ነበር፣ ከዳ።»

«እሱስ?»

«ሞቷል።»

«አይተሃል?»

«በዓይኔ።»

«ጥሩ» አለ። በርጩማውን ይዞ ሊነሣ ተመቻቸ። የሱ ነገር አልቆለታል፤ ገዳዩ ታወቀ፣ ገዳዩ ሞተ። እኔ ዝም ብል ኖሮ ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ቤሌ ብሎ ይጠራኝ ነበር። ግን ሾፌሩ ንጉሤ ትዝ አለኝ። ቦይ ውስጥ የሰማውን ቢደብቀኝ ኖሮ ማንን እንደምጠላ አላውቅም ነበር። ባልዳም የማወቅ መብት አለው ብዬ አሰብኩ።

«ቁጭ በል። አልጨረስኩም» አልኩት።

ነገርኩት። ሽጉጧን፣ እርጥቡን ቆዳ፣ የናቅሁትን ቅቤ፣ መሐላዬን። መትረየሱን መጠበቅ እንደነበረብኝ ነገርኩት። «ቁጠር» ብዬ የጮኽኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ሳይንቀሳቀስ ሰማኝ።

«ትልቁ ጠመንጃ የት ነበር?» አለ።

«ጀርባዬ ላይ።»

«ጥይት አለው?»

«ሠላሳ።»

«እጅህ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

እጁ ጠመንጃው ላይ ነበር። ዘበኛው ከበሩ ያየናል፤ ግን የምንነጋገረውን አይሰማም። አልተንቀሳቀስኩም። እውነት ለመናገር ቢተኩስ ደስ ይለኝ ነበር። ደሜን የሚፈልግ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። በመስታወት ሦስት ወር ሙሉ ያየሁት ፊት ነው።

«የወንድሜ ቤል ነህ» አለ በመጨረሻ። «ቤል አይገደልም። ቤል ባትሆን፣ ዛሬ ከዚህ አትነሣም።» ተነሣ። «እናቴ ቤት አትምጣ። እኔን መንገድ ላይ ካየህ፣ አንተ ልቀቅ።»

«እሺ» አልኩት።

በርጩማውን ይዞ ሲሄድ አንድ ጊዜም ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ደርግ ወደቀ፣ ሻምበላችን ተበተነ፣ እኔም ጂንካ ተመልሼ አረስኩ፣ ወለድኩ። ዲመካ በሄድኩ ቁጥር ባልዳን አየው ነበር። መንገዱን እለቃለሁ። እሱ ያልፋል። ፊቱ ላይ ምንም አይለወጥም። አንድ ቀን አራት ልጆቹን አስከትሎ ሲያልፍ፣ ልጆቹ ለምን ይህ ሽማግሌ እሾህ ውስጥ እንደሚገባ ገርሟቸው አዩኝ።

ደምሴን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው፤ ሞቶም እጠላዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ግን ሁልጊዜ ተወጊው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምሰማው። አሁን ሌላ ጆሮ አለኝ።

ያን ጊዜ የሻምበሉ ጸሐፊ ቆስሎ ስለነበር የሙታኑን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን በሙሉ ጻፍኩ፣ ኦይታንም በሰባተኛ ቁጥር። ከግርጌው «በጠላት እጅ የተሰዉ፣ ሰባት» ብዬ ፈረምኩ። መዝገቡ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት ተቃጥሏል። እርማቱን እዚህ እጽፋለሁ። በጠላት እጅ የተሰዉት ስድስት ናቸው።